ኪራይ ሳይከፍሉ መጥፋት የሚያመጣው ጣጣ

(በመተማ ዮሐንስ ለገበሬዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

 

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ቤት ኪራይ ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ ጎጆአችንን ራሳችን ቀልሰን እንኖራለን፤ የቤት ኪራይ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከጎጃም፣ ከጎንደር ደጋ፣ ከወሎም ስንቱ ሰው ይመጣል? ልጃችሁ ለትምህርት ገንዳ ውኃ ሲሄድ የሚያድርበት ክፍል ይከራያል። ከእናንተም ውስጥ በከተማው ዳር አንዲት ክፍል ሠርቶ የሚያከራይ አለ። እንዲያውም ከዚህ ከተቀመጥነው መካከል ኪራይ የማይነካው ሰው ያለ አይመስለኝም።

መተማ ዮሐንስ የድንበር ከተማ ናት። ድልድዩን ከተሻገሩ ገላባት ነው፤ ሱዳን ነው። ሰው ይመጣል፤ ሰው ይሄዳል። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በዚሁ በመተማ በኩል ገባ። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ተከራዩ የሁለት የሦስት ወር ኪራይ ሲከማችበት ሌሊት ጓዙን ጠቅልሎ ይጠፋል። «ድልድዩን ከተሻገርኩ ማን ያገኘኛል?» ይላል። ዕዳው ግን አብሮት ይሻገራል። ይኸን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ በእኔው ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው።

በ2003 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አንድ የአገሬ ልጅ ከደጋ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ልጆች ያፈራ፣ የተከበረ ሰው ነው። ከጭነት መኪና ዕቃ እየጫነና እያወረደ ይኖር ነበር። ክፍል ሲፈልግ እኔ ወደ አንዲት ሴት ቤት ወሰድኩት። ሴትዮዋ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች የምታሳድግ ናት። ያላት ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ ትኖራለች፤ አንዱን ታከራያለች።

«ታውቀዋለህ ወይ?» አለችኝ።

«የአገሬ ልጅ ነው፤ እኔ ዋስ ነኝ» አልኳት።

ወረቀት የለ፤ ምስክር የለ፤ በቃል ብቻ ሆነ። ኪራዩ በወር 150 ብር ነበር።

ሰኔን ከፈለ። ሐምሌንና ነሐሴንም ከፈለ። መስከረም ሲገባ ወባ ያዘው። የዚህን አገር ወባ ታውቁታላችሁ፤ በተለይ ከደጋ ለመጣ ሰው አይምርም። ተኛ። ሴትዮዋ እንደ ልጇ አጥሚት እየሠራች አጠጣችው። ተነሥቶ ሥራ ሲጀምር አገረሸበት። መስከረም ሳይከፈል አለፈ፤ ጥቅምትም አለፈ። ሁለት ጊዜ ጠየቀችው። «ነገ» አላት፤ «ከነገ ወዲያ» አላት። ከዚያ ወዲህ እሷ ስትነሣ እሱ ይተኛል፤ እሷ ስትተኛ እሱ ይገባል። ሰውየው መሸሽ የጀመረው እንግዲህ ያኔ ነው፤ ገና ከግቢው ሳይወጣ።

ኅዳር ሲያልቅ አንድ ቀን በማለዳ ሴትዮዋ እቤቴ መጣች። በሩ ተቆልፏል፤ ሰውየው የለም። ለማሽላ አጨዳ ገዳሪፍ ተሻገረ ተባለ። ቁልፉንም ይዞት ሄዷል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ቁጥር ተምራችኋልና አብራችሁኝ ቁጠሩ። ያልተከፈለው መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር ነው። 150 በ3 ሲባዛ 450 ብር ይሆናል። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሴትዮዋ «ተመልሶ መጥቶ ዕቃዬ ጠፋ ቢለኝስ?» ብላ በሩን ለማስከፈት ፈራች። ክፍሉ ታኅሣሥን ሙሉ ተቆልፎ ከረመ። ሌላ ተከራይ ሊገባ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። እንግዲህ 450 ላይ 150 ስንጨምር 600 ብር ሆነ። የጨመረችው 150 የመጣችው ከቁልፉ ነው። ሰውየው ገንዘብ ባይኖረው እንኳ ቁልፉን በመስኮት ወርውሮላት ቢሄድ ኖሮ ይህኛው ዕዳ አይመጣም ነበር።

በመጨረሻ ከቀበሌ ሰው ተጠርቶ፣ ጎረቤት ምስክር ሆኖ በሩ ተከፈተ። የተገኘው አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ጀሪካንና አንድ የማይበራ ባትሪ ነው። ተጽፎ ተቀመጠላት። ቢሸጥ የአንድ ወር ኪራይ አይወጣውም።

ሴትዮዋ ደግሞ ባለዕዳ ናት። «ኪራይ ሲገባልኝ እከፍላለሁ» ብላ ከነጋዴ ማሽላ በዱቤ ወስዳ ነበር። ኪራዩ ሲቀር ዱቤውን መክፈል አቃታት፤ ነጋዴውም ሁለተኛ አላበድርም አላት። ይኸን ተከራዩ አያውቅም። ተከራይ የአከራዩን ቤት ብቻ ያያል፤ «ቤት ያለው ሰው ምን ይጎድለዋል?» ይላል። ቤት ስላለው ብቻ አከራይን ሁሉ ሀብታም ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው። በእኛ ከተማ አከራይ ማለት ብዙውን ጊዜ አንዲት ክፍል ያላት እናት ናት።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። እኔም ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠየቅሁ። እንዲህ አለኝ፤ «በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ዋስትና በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም። ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ልክም በወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። አንተ በቃል ስለ ሆነ በሕግ አትጠየቅም።» ደስ አለኝ? የለም። ሴትዮዋ ቤቷን የሰጠችው በእኔ ቃል ነው። ገበያ ስሄድ የማልፈው በእሷ ደጃፍ ነው። በምን ዓይኔ አያታለሁ? ሰሊጤን ሸጬ 450 ብሩን ከፈልኩ። በዚያ ዓመት ለልጄ ደብተርና ጫማ ልገዛበት ያሰብኩት ገንዘብ ነበር።

የሚቀጥለው ዓመት ከአገሬ ሌሎች ልጆች ለሥራ መጡ። ምንም ያላጠፉ ልጆች ናቸው። ክፍል ሲጠይቁ «ከየት ናችሁ?» ይባላሉ። ሲናገሩ «የእነዚያ አገር ሰዎች ሌሊት ይሄዳሉ፤ የሦስት ወር አስቀድማችሁ ካልከፈላችሁ አናከራይም» ተባሉ። ለሥራ የመጣ ሰው የሦስት ወር ኪራይ ከየት ያመጣል? ግማሾቹ ውጭ አደሩ። ውጭ ማደር ደግሞ በዚህ አገር ወባ ብቻ አይደለም፤ ካላዛርም አለ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፤ የያዘው ሰው ሳይታከም ከቀረ ይገድላል፤ ሕክምናውም ለሳምንታት ሐኪም ቤት ያስተኛል። የአንድ ሰው የሌሊት ጉዞ ለእነዚያ ልጆች እንዲህ ሆነ።

ሰውየውስ ምን አገኘ? ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ መተማ አልመጣም። ወደ አገር ቤት ሲመለስ እንኳ በሌሊት መኪና ተደብቆ ነበር የሚያልፈው። የሚፈራው ፖሊስ ነው። «ካገኙኝ ያስሩኛል» ይል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሕጉን እንመልከት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። አንዳንዱ «ኪራይ ያልከፈለ ይታሰራል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ምንም አይደረግም» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

በሕግ የተደረገ ውል በተዋዋሉት ሰዎች መካከል እንደ ሕግ ነው። ኪራይ አለመክፈል የውል ዕዳ ነው እንጂ ወንጀል አይደለም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንድ ሰው በውል የገባውን ግዴታ መፈጸም ስላልቻለ ብቻ መታሰር እንደሌለበት ይናገራል። ስለዚህ አጥቶ ያልከፈለ ሰው «እታሰራለሁ» ብሎ መሰደድ የለበትም። ነገር ግን ሲሄድ የአከራዩን አልጋ ወይም የቤቱን በር ነቅሎ ከወሰደ፣ ያ ስርቆት ነው፤ በወንጀል ያስጠይቃል። የሐሰት ስምና የሐሰት መታወቂያ ሰጥቶ የተከራየም እንዲሁ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል።

ዕዳውን በተመለከተ አከራዩ ፍርድ ቤት ከስሶ ያስፈርድበታል። ተከራዩ ወረዳ ቢለውጥ ፍርዱ ወደሚኖርበት ወረዳ ፍርድ ቤት ተልኮ ሊፈጸም ይችላል። ያለው ንብረት ተይዞ ይሸጣል። ሕጉ ግን ሰውን ራቁቱን አያስቀርም። የሚለብሰው ልብስ፣ የሚያበስልበት ዕቃ፣ የሚሠራበት መሣሪያ፣ ፍርድ ቤቱም ለኑሮው ያስፈልጉታል ያላቸው ከብቶችና ዘር አይያዙበትም። ድልድዩን ተሻግሮ ሱዳን የገባ ሰው ለጊዜው ከዳኛ ሊርቅ ይችል ይሆናል። መሬቱ፣ እናቱ፣ ሚስቱ ግን ወዲህ ናቸው። እስከ መቼ ርቆ ይኖራል?

አንድ አባት ከዚህ ቀደም እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «በ1967 የጭሰኛ ዕዳ በአዋጅ ተሰርዞ የለም ወይ? ዛሬስ ለምን አይሰረዝም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነት ነው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቷል፤ ጭሰኛውንም ለባለመሬቱ ከሚከፍለው ኪራይና ካለበት ዕዳ ነፃ አውጥቶታል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው ሌላ አዋጅ ደግሞ የከተማ ትርፍ ቤቶችን ወርሶ ኪራይ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ አነስተኛ ኪራይ ይከፈል የነበረው ለቀበሌ ነው። ነገር ግን አባቴ፤ ያኔ የተሰረዘው ገበሬው በገዛ ላቡ ያለማውን መሬት ባለርስት ስለ ወሰደበት የመጣ ዕዳ ነው። ደግሞም ትርፍ ቤት የተወረሰ ጊዜ እንኳ «በነፃ ኑሩ» አልተባለም፤ ለቀበሌ ይከፈል ነበር። ዛሬ ሰው በሠራው ቤት የሚያከራየውን ክፍል ከዚያ ጋር ማመሳሰል አይገባም። አባትየው «እሱስ ልክ ነህ» አሉኝ፤ ግን ፈገግ ብለው ነበር፤ ለማስቸገር የጠየቁኝ መሰለኝ።

ወደ ሰውየው ልመለስ። በ2006 ዓ.ም. የአገራችን ሽማግሌዎች ይዘውት መጡ። ከሴትዮዋ ግቢ፣ ከጥላው ሥር ተቀመጥን። አንደኛው ሽማግሌ፣

«ታምመህ አጥሚት ያጠጣችህን ሴት እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ?» አሉት።

«እሱ ነው ያሳፈረኝ፤» አለ። «የምታስታምመኝ እሷ፣ የምትጠይቀኝም እሷ ሆነች። ፊቷን ማየት አቃተኝ።»

ሴትዮዋ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ልጄ፣ ገንዘቡስ ይሁን። ቁልፉን ለምን ወሰድክብኝ?» አለችው።

ሰውየው ምንም አልመለሰም። ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ሰጣት። ሁለት ዓመት ሙሉ በኪሱ ይዞት ዞሯል። የበሩ ቁልፍ ከተለወጠ ቆይቷል።

ሽማግሌዎቹ ለሴትዮዋ 150፣ ለእኔ 450 እንዲከፍል ወሰኑ። በአንድ ጊዜ አይችልምና ሰሊጥ በሚሸጥበት ወር ከፋፍሎ እንዲሰጥ ተጻፈ። የሴትዮዋን በመጀመሪያው ወር ከፈለ። ለእኔ 300 ሰጠኝ። ቀሪዋን 150 ብር እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አላነሣትም።

እንግዲህ ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው ምን ያድርግ? ወሩ ሳያልፍ ይናገር። «ታምሜአለሁ፤ ሥራ የለኝም፤ ሰሊጥ ሲሸጥ እከፍላለሁ» ይበል። አከራዩ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። የሚችለውን ያህል ጥቂትም ቢሆን ይስጥ። ጨርሶ የማይችል ከሆነ ቤቱን በቀን፣ በሰው ፊት ይልቀቅ፤ ዕቃውን ያውጣ፤ ቁልፉን ያስረክብ፤ ያለበትን ዕዳ በወረቀት ይፈርም። ቁልፉን ያልመለሰ ሰው «ከለቀቅሁ ቆይቻለሁ» ቢል ማስረዳት ይቸግረዋል።

አከራይም ቢሆን የፈለገውን አያደርግም። ኪራይ ዘገየ ብሎ የሰው በር መስበር፣ ዕቃ መንገድ ላይ መወርወር፣ ሰው መምታት ክልክል ነው፤ ባለመብቱ ራሱ ጥፋተኛ ይሆናል። ተከራይ የጠፋ እንደሆነ ሴትዮዋ እንዳደረገችው ነው፤ የቀበሌ ሰውና ጎረቤት ጠርቶ ከፍቶ፣ የተገኘውን ዕቃ አንድ በአንድ መጻፍ። ዕቃውን በገዛ እጅ ሸጦ ዕዳ ማወራረድ ግን ሌላ ክስ ያመጣል። ወደ ዳኛ ወይም ወደ ሽማግሌ መሄድ ይሻላል።

በ2016 ዓ.ም. ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ አዲስ አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥሩ 1320 ነው። በዚህ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። አከራይ ከሁለት ወር የበለጠ ኪራይ አስቀድሞ መጠየቅ አይችልም። አዋጁ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለ ሆነ፣ ለምትከራዩበት ከተማ ይሠራ እንደሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቁ። የእርሻ መሬት ኪራይ የራሱ ሕግ አለው፤ እሱን ሌላ ቀን እናየዋለን።

ስለ ፊርማም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በጣቱ ቢፈርም፣ የውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ወይም የመዝገብ ሹም ካላረጋገጠው በስተቀር በሕግ አይጸናበትም። ይኸ የተደረገው ያልተማረ ሰው የማያውቀውን ወረቀት እንዳይፈርም ለመጠበቅ ነው። እናንተ ግን ዛሬ ታነባላችሁ። አንብባችሁ በስማችሁ የፈረማችሁት ወረቀት ይጸናባችኋል፤ «አላወቅሁም» ማለት ቀርቷል። ስለዚህ ሳታነቡ አትፈርሙ። የሚያነብላችሁ ሰው ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ። ኪራዩ በብር ይሁን በሱዳን ጊኒ፣ ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን እንደሆነ በወረቀቱ ላይ ፈልጉ። ዋስ ከሆናችሁም እስከ ስንት ብር እንደምትጠየቁ ካልተጻፈ ብዕሩን መልሱ። ኪራይ በከፈላችሁ ቁጥር ደረሰኝ ተቀበሉ፤ አከራይ ከሆናችሁም ስጡ። ደረሰኝ የሌለው ከፋይና ደረሰኝ ያልሰጠ ተቀባይ ሲካሰሱ ዳኛውም ይቸገራል።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ሁለት ወረቀት እጽፍላችኋለሁ፤ ገልብጡት። ባዶ ቦታው ላይ የሚያስፈልገውን እናንተ ትሞላላችሁ። የመጀመሪያው የደረሰኝ ነው።

የኪራይ ደረሰኝ
እኔ አከራይ ________ ከተከራይ ________ የ________ ወር የቤት ኪራይ ብር ________ (በፊደል ________) ዛሬ ________ ቀን ________ ዓ.ም. ተቀብያለሁ።
የአከራይ ፊርማ ________

ሁለተኛው መክፈል ላቃተው ሰው ነው። ሰውየው ያን ሌሊት በመሄድ ፈንታ ሊጽፈው ይገባ የነበረው ይኸ ነው።

የዕዳ ማመኛና የቤት ማስረከቢያ
እኔ ተከራይ ________ በአከራይ ________ ቤት ከ________ እስከ ________ ኖሬ የ________ ወር ኪራይ ብር ________ (በፊደል ________) አልከፈልኩም። ገንዘቡን በ________ ወር ብር ________፣ በ________ ወር ብር ________ እከፍላለሁ። ዛሬ ________ ቀን ________ ዓ.ም. ዕቃዬን አውጥቼ ቁልፉን ለአከራዩ አስረክቤአለሁ።
የተከራይ ፊርማ ________ የአከራይ ፊርማ ________
ምስክሮች 1. ________ 2. ________

ሁለት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱ ከአከራዩ፣ አንዱ ከተከራዩ ዘንድ ይቀመጥ።